የትኛውን ጨዋታ ነው ያየኸው?

ሀዋሳ፣ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል እንጂ ሌላ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ሻይ ቤቷም እንደነበረች ናት። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን በስልክ ሲሆን አንተ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ትልና ወሬው ያልቃል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራምህን ሰማሁት። ሻይ ቤት የነበረውን ሰው ሁሉ ጸጥ አሰኘሁ። «ልጄ ነው! ልጄ ነው!» እያልኩ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ስኳሩን ሲያማስል ማንኪያው ቢንቃጨል ተቆጣሁት። ድምፅህ ያምራል። አባትህ በሕይወት ኖሮ ቢሰማው ዕንባው ይመጣ ነበር። ይሄን ተናገርኩ፤ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ነው። አርባው ደቂቃ ስለ አርሰናልና ስለ ማንችስተር ሄደ። የአንዱ ተጫዋች ጉልበት ስንት ሳምንት እንደሚያስተኛው ሰማን። የአንዱ አሰልጣኝ ሚስት የት ቤት ልትገዛ እንዳሰበች ሳይቀር ሰማን። ከዚያ ማስታወቂያ። ከዚያ የሸገር ደርቢ፣ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ። ልትሰናበት ሦስት ደቂቃ ሲቀርህ የኛው ቡድን ሀዋሳ ከነማ መጣ። (ከተማ በይው ይሉኛል፤ አፌ ከከነማ አልላቀቅ አለ።) «ሀዋሳ ከተማ ደካማ እንቅስቃሴ አድርጎ ተሸንፏል፤ የፊት መስመሩ ሳስቷል፤ እንደ ምንጮቻችን የአሰልጣኙ ወንበር እየተነቃነቀ ነው» ብለህ ዘፈን አስገባህ።

የትኛውን ጨዋታ ነው ያየኸው ልጄ?

እኔ ስታዲየም ነበርኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከእኛ በፊት ሁለት ሌሎች ቡድኖች እዚያው ሜዳ ላይ ተጫውተው ወጥተዋል። የኛ ልጆች ሲገቡ ሜዳው ሜዳ አልነበረም፤ በሬ የዋለበት ማሳ ነበር። ኳሷን በምድር ሲሰጧት ውሃው ላይ ቁጭ ትላለች። አጥቂያችን ገና ከመጀመሪያው ቁርጭምጭሚቱን ተመታ። ታሰረለትና ተመለሰ። እኔ ከተቀያሪዎቹ ወንበር በላይ ነው የተቀመጥኩት፤ ሁሉንም አያለሁ። ሦስት ጊዜ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ አየ። አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞሮ አየ። ወንበሩ ላይ ያሉት ጢም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። በእጁ «ትንሽ ቻል» አለው። ልጁም ቻለ። እያነከሰ ዘጠናውን ደቂቃ ጨረሰ። አንተ «የፊት መስመሩ ሳስቷል» ያልከው ያንን ልጅ ነው።

ካሜራ ኳሷን ነው የሚከተለው፤ ይሄ በቴሌቪዥንም አይታይ ይሆናል። አንተ ግን በቴሌቪዥንም አላየኸውም። ደውዬ ስጠይቅህ «እማዬ፣ ከቴሌግራም ነው የወሰድነው» አልከኝ። ምንጮቻችን ያልካቸው እነሱ ናቸው? ውሃ እንኳ ከየት እንደሚፈልቅ ይታወቃል። ያ አሰልጣኝ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በእኛ በር ነው። በማግስቱ ሲያልፍ ሰላም ልለው አፈርኩ። ልጄ ነው የተናገረው እንዴት እላለሁ?

እኔ ልጅ እያለሁ ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። አባቴ ግን ሬዲዮ ነበረው፤ የቆዳ ልባስ ያለው፣ ከእሱ በቀር ማንም የማይነካው። በ1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ የሰፈሩ ሰው ግቢያችንን ሞላው። ፍጻሜው ከዚምባብዌ ጋር ነበር። አንድ ለአንድ አለቀና ፍፁም ቅጣት ምት ሆነ። 5 ለ 4 አሸነፍን። በዚያ ዘመን ደምሴ ዳምጤ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ኳሷ ማን እግር ሥር እንዳለች ብቻ አይደለም የምትሰማው። ተጫዋቹ ላቡን ሲጠርግ ይታይሃል። ደጋፊው ብድግ ሲል አንተም ከተቀመጥክበት ትነሳለህ። እናቴ ኳስ ሜዳ ረግጣ አታውቅም። ያን ቀን ግን ጆሮዋን ሬዲዮው ላይ ጥላ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ አረረባት። እስከ ዕለተ ሞቷ ሲነሳ ትስቅ ነበር።

አንተ ዛሬ ደቂቃውን፣ የማዕዘን ምቱን ቁጥር፣ የኳስ ቁጥጥሩን በመቶኛ ታውቃለህ። ደስ ይላል። ግን አንድም ሰው እንጀራ አያሳርርብህም።

ዋንጫው በ1996 እዚህ ሲመጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርክ። ሊጉ በ1990 በአዲስ መልክ ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫው ከአዲስ አበባ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አባትህ ትከሻው ላይ ጭኖህ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዞረ። ስትመለሱ ተኝተሃል፣ ጫማህ አንዱ የለም። በ1999 ሲደገም አምስት ዓመትህ ነበር። ጥሩንባ ገዛንልህ፤ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኸን። ከዚያ ወዲህ ይኸው 18 ዓመት የሊግ ዋንጫ ናፈቀን። ጥሩንባው አሁንም ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። አልጣልኩትም።

ጥር 13 ቀን 2005ንም አትርሳ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተው ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ሲጋጠሙ ሻይ ቤታችን እግር መጣያ አልነበራትም። ፍፁም ቅጣት ምት ሳትን። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። ገባብንም። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ ሲያገባ ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ ታስታውሳለህ፤ የጠረግከው አንተ ነህ። አዳነ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። እዚሁ ነው ያደገው፣ በከነማ ማልያ ነው የታወቀው። ያን ማታ ጣቢያ እየቀያየርኩ ሰማሁ። «የቅዱስ ጊዮርጊሱ አጥቂ» ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ያኔ የጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። እኔ በሰማሁት ግን አንድም ሰው ሀዋሳ የምትል ቃል አላወጣም። ሽመልስ በቀለም እንደዚያው ነው። ግብፅ ሄዶ በፔትሮጀት ለዓመታት ሲጫወት ዜናው ከካይሮ ይጀምራል። ልጁ ግን ኳስን ከካይሮ አልጀመራትም።

አየህ፣ ሀዋሳ ዜና የሚሆነው ወይ ሲሸነፍ፣ ወይ ልጁን ሲሸጥ ነው። ሆዴን የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ስለ ሴቶቹስ ምን ልበልህ? ሎዛ አበራ ማልታ ሄዳ ጎል ስትደረድር ሁሉም ተንጫጫ። በሀዋሳ ማልያ እዚህ ስትሮጥ ያየናት በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን። ዛሬም የሴቶቹን ጨዋታ ሄጄ አያለሁ። ጋዜጠኛ የሚባል ዘር ግን አይቼ አላውቅም።

አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑ መጣ ተባለ። በ2013 ዲ ኤስ ቲቪ ሊጉን ሲይዝ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር የሚል ዜና ስንት ጊዜ እንደሰማሁ! ቁጥሩን በቃሌ ያዝኩት። ብሩ ወርዶ ከነማ ጋ ሲደርስ ስንት ሆነ፣ ለታዳጊዎቹ ስንት ደረሰ የሚለውን ግን እስከዛሬ ከአንድም ጋዜጠኛ አልሰማሁም። ደግሞ እወቅ፣ ከነማ የሚተዳደረው በከተማው በጀት ነው። ከእኔ ሻይ ቤት ግብርም አለበት ማለት ነው። አንድ ተጫዋች ሲፈርም «ሀዋሳ አስፈረመ» ትላላችሁ፣ ፎቶው ይወጣል፣ ያልቃል። የፌዴሬሽኑ የደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር ነው የተባለ ጊዜ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳምንት ክርክር ነበር። ሰዉ ይጠይቃል። እናንተ ናችሁ የማትጠይቁት። የአሰልጣኝ ወንበር ከመነቅነቅ እሱን ብትነቀንቅ ኮራሁብህ እል ነበር።

ያ ዙር የሚሉትም ነገር አለ። ኮሮና የ2012ን ውድድር ያለ ሻምፒዮን ካሰረዘው በኋላ ሊጉ ከተማ ለከተማ መዞር ያዘ። አንድ ሰሞን ድሬዳዋ፣ አንድ ሰሞን አዳማ፣ አንድ ሰሞን ባሕር ዳር። እኛ ጋ ሲመጣ ሰርግ ነው። ሲሄድ ቡድናችንን ይዞት ይሄዳል። ልጆቹ ወራት ሙሉ ሆቴል ነው የሚኖሩት። ያገቡ አሉ፣ የወለዱ አሉ። አንዱ ልጁ ሲወለድ በስልክ ነው ያየው። ሻይ ቤት መጥቶ ሲያሳየኝ ስልኩን እንደ ታቦት ነበር የያዘው። ከዚያ ሲሸነፉ «ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል» ይባልላቸዋል። ተነሳሽነት ምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ቤቱ ሲናፍቀው ግን እግሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንተም አዲስ አበባ የገባህ ሰሞን ስታለቅስ አልነበር?

እኔም ንጹሕ ዳኛ ነኝ አልልህም። ደጋፊ ነኝ። ከነማ ሲሸነፍ ዳኛው በድሎ ነው፣ ሲያሸንፍ ዳኛው ጎበዝ ነው። ይሄን ከእኔ አትውሰድ። ግን የራሴንም ቡድን አልምርም። ልጆች እናሳድጋለን፣ ልክ ሲበስሉ ለቀን እንሰጣለን፣ በምትካቸው ሌላው ቤት የጨረሰውን እናመጣለን። አሰልጣኝ ላይ ትዕግሥት የለንም። አንድ ለዜሮ እየመራን አሥር ደቂቃ ሲቀር ሁላችንም ወደ ኋላ እንሸሻለን፣ ደጋፊው ጭምር። ይሄን በሬዲዮ ብትለው አልቀየምህም። እውነት ነዋ! አይተህ በለው እንጂ።

ደግሞ ስም። አንድ የኛን ልጅ ስም ሁለት ጊዜ አሳስተህ ጠራኸው። የእንግሊዙን በረኛ ስም ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምትወርደው። የልጁ እናት ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። እሷም ሬዲዮ ነበራት። ሰኞ ስንገናኝ «ልጅሽ ልጄን ማን አለው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ቅመሙን ሳልከራከር ባለችኝ ዋጋ ገዝቼ ሄድኩ።

ጎረቤታችን የሲዳማ ቡና ደጋፊ እንደሆነች ታውቃለህ። እሷ ደስ ብሏታል፤ «ልጅሽ ፍትሐዊ ሆኗል» ትለኛለች። ቡድኖቹ ሲገናኙ እኔና እሷ ቡና አንጠጣም። ካለቀ በኋላ ያሸነፈው ቤት ይፈላል። ለዚያች ቀን ከተማው ለሁለት ይከፈላል፤ ባጃጆቹ እንኳ የሚያውለበልቡት ይለያያል። እናንተ ለሸገር ደርቢ ሳምንት ሙሉ ታወራላችሁ፣ ይሄኛውን ግን ውጤቱን ብቻ ታነባላችሁ። አንድ ጊዜ ቴፕህን ይዘህ ና። መቅረጫ ነው የምትሉት? እሱን። እሷንና እኔን አስቀምጠን። ያን ቀን ሰው ስለ አርሰናል አይጠይቅህም።

አለቃህ አርሰናል ካልተወራ አድማጭ ይሸሻል እንደሚልህ ነግረኸኛል። ይሆናል። ሻይ ቤቴ ውስጥም ከአሥሩ ልጅ ሰባቱ የአርሰናል ማልያ ነው የለበሰው። ግን ታዝቤያለሁ። አርሰናል ሲወራ ሻዩን እየጠጣ ነው የሚሰማው። ከነማ ሲባል ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ይሄን ለአለቃህ ንገረው።

አሁን ልዝጋው፣ ደንበኛ መጥቷል። በርበሬና የገብስ ቆሎ ከአክስትህ ልጅ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ቆሎውን እንዳያጋምስብህ ቶሎ ተቀበለው። ውድድሩ እኛ ጋ እያለ አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈቃድ ጠይቅና ና። ከተቀያሪዎቹ ወንበር በላይ ያለው ቦታ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ የአባትህ ነበር፣ እስካሁን ቦርሳዬን ነው የማስቀምጥበት።

የሬዲዮው ባትሪ ደክሞ ነበር፣ አዲስ ገዛሁ። ቅዳሜ እሰማለሁ። ሀዋሳን ከሸገር ደርቢ በፊት ካስቀደምከው ያ የባጃጅ ሹፌር የዚያን ቀን ሻዩን በነፃ ይጠጣል ብያለሁ። ማንኪያውንም እንደፈለገ ያንቃጭል።

እናትህ