ለአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የጥናት ማዕከል አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

የሊቁን ደራሲ የአባታችንን የአባ ጊዮርጊስን መጻሕፍት የሚያጠናውን ማዕከል ጣሪያ ነፋስ እንደጣለው ሰምታችኋል። በጊዜያዊነት የተማገረው በእርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ምስማሩ ይላላል፣ ነፋስ ከሥር ገብቶ ቆርቆሮውን ይገነጥለዋል። መሠረቱና ግድግዳው ግን እግዚአብሔር ይመስገን አልተነኩም።

«እስካሁን ያዋጣነው የት ገባ?» ለምትሉን፦ አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ቦታው ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትንም ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በምትኩ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየተጠቀጠቀ ተሞላ። ዛሬ ግድግዳው ያለ ስንጥቅ የቆመው በዚህ ነው። ደረሰኙ በሙሉ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

አሁን የሚያስፈልገው የብረት ትራስ (ጣሪያውን የሚሸከም የብረት ማዕቀፍ)፣ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ (ጌጅ የውፍረት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፣ ትራሱን ከግድግዳው አናት ቢም ጋር የሚያስር ብሎንና አሸንዳ ነው። 32 ጌጁ ቢረክስም ስስ ነው፤ ሁለተኛ አንሞክረውም። ሥራው ከሰኔ በፊት ካላለቀ ዝናቡ በግድግዳው አናት ይገባል፤ ለሐምሌ 7 የአባ ጊዮርጊስ በዓል የሚመጣው ምእመንም መጠለያ አይኖረውም።

ያለ ጣሪያ የብራና ሥራ አይታሰብም። ብራና ቆዳ ነው፤ ሲርስ ይሻግታል፣ ከልክ በላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ብራና የሚቀመጥበት ክፍል የአየር እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ሆኖ መቆየት አለበት። አባታችን የደረሳቸው የመጽሐፈ ምሥጢር፣ የሰዓታትና የውዳሴ መስቀል ቅጂዎች ፎቶ ተነሥተው ቃል በቃል ይነጻጸራሉ፤ አንድ ቃል በቅርብ መስመሮች ሲደጋገም የጸሐፊው ዓይን ዘልሎ መስመር ያስቀራል፣ የጎደለው የሚገኘው ከሌላ ቅጂ ነው። በየገዳማቱ ያሉት መጻሕፍት ከቦታቸው አይወጡም፤ ከዚያ የሚወጣው ፎቶው ብቻ ነው። ይህን ደጋግመን የምንናገረው ስጋቱ ስለሚገባን ነው።

ሌሊት ቆመን ሰዓታቱን የምናደርስ ሁሉ የአባታችን ባለ ዕዳዎች ነን። ድካሙ በዝቶብናል፣ መዋጮውም ከቆመ ሰንብቷል።

ገንዘብ የምታስገቡት በማዕከሉ ስም በተከፈተውና በሦስት ሰዎች ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ውሰዱ፤ በስልክ የሚነገራችሁን አትቀበሉ። በውጭ ያላችሁም በዚያው ሒሳብ አስገቡ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ ደግመን እንላለን፣ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አንቀበልም። ቆርቆሮ ወይም ብረት በዓይነት የምትሰጡ ከመግዛታችሁ በፊት ጌጁንና ርዝመቱን ጠይቁን። ገንዘብ ያስገባችሁ ደግሞ ያስገባችሁበትን የባንክ ወረቀት አምጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።