ስለ ማሪ ክሌር አላን

ውድ አባላት፣

ዛሬ ስለ ፈረንሳዊቷ ኦርጋኒስት (በቤተ ክርስቲያንና በአዳራሽ የሚተከለውን ትልቁን የቧንቧ ኦርጋን ተጫዋች) ማሪ ክሌር አላን (እ.ኤ.አ. 1926–2013) ላጫውታችሁ። አባቷ ሳሎናቸው ውስጥ በገዛ እጁ ኦርጋን ሠርቶ ነበር። ያደገችው ያንን ኦርጋን እየሰማች ነው። ዓለምን ዞራ ተጫውታለች፤ ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎችንም አስተምራለች።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ጉዞው ነው። ቫዮሊኒስት ቫዮሊኑን ይዞ ይጓዛል። ኦርጋኒስት ግን በየከተማው የሚጠብቀው ሌላ መሣሪያ ነው። አንዱ ሁለት ኪቦርድ አለው፣ ሌላው አራት። ስለዚህ ቀድሞ ደርሶ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ የድምፅ መምረጫዎቹን አንድ በአንድ እየሳበ ያዳምጣል።

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባህን የኦርጋን ሥራዎች በሙሉ ሦስት ጊዜ ቀድታለች፤ ሦስተኛውን በታሪካዊ ኦርጋኖች። እስቲ አንድ ሥራ መርጣችሁ ሦስቱንም ቅጂ ስሙና የተሰማችሁን ጻፉልን።