ማርሻል ልሆን ነው ላልሽን ልጄ

ውድ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እዚያ አሜሪካ ለማርሻልነት ማመልከትሽን ከሰማች ወዲህ እናትሽ እንቅልፍ የላትም። ሲቪል ለብሰው አውሮፕላን ላይ ከመንገደኛው ጋር የሚበሩት መስለዋት ነው። እነሱ የአየር ማርሻሎች ናቸው፣ መሥሪያ ቤታቸውም ሌላ ነው አልኳት። የእሳት ማርሻል ደግሞ የቃጠሎ መንስኤ ያጣራል። ያንቺው የፍርድ ቤት ሥራ ነው ስላት ትንሽ ተረጋጋች። ያመለጠ ወንጀለኛ ማሳደድ እንዳለበት ግን ገና አልነገርኳትም።

እኔ ዕድሜዬን ልደታ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ስለሠራሁ ነገሩ ይገባኛል። ዳኛ ይፈርዳል፣ ፍርዱ ግን በራሱ እግር አይሄድም። እዚህ እስረኛ የሚያመጣው የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነው። እዚያ ግን የፌዴራል ዳኛ መጠበቁም፣ እስረኛ ማመላለሱም፣ ያመለጠውን መያዙም፣ ለምስክር አዲስ ስም ሰጥቶ ሌላ ከተማ ማኖሩም የማርሻሎች ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1789 የተጀመረ ሥራ ስለሆነ ብዙ አሳልፏል። በ1850 የወጣ ሕግ ከባርነት ያመለጡትን ይዘው እንዲመልሱ ማርሻሎችን ያስገድድ ነበር። በ1960 ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሩቢ ብሪጅስ የተባለች የ6 ዓመት ጥቁር ልጅ፣ ነጮች ብቻ ይማሩበት የነበረ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በሚሳደበው ሕዝብ መሃል አጅበው ያሳለፏት እነሱ ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሕግ ነው ያዘዛቸው። ይኼ ልቤን ይከብደዋል። ስለዚህ ልጄ፣ «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻ እንዳይበቃሽ አደራ።

ትእዛዙ ያንቺ ባይሆንም የሰው አያያዙ ያንቺ ነው። ልደታ አንድ ወጣት ፖሊስ ነበር። ችሎት ሊገባ ሲል የእስረኛውን ካቴና ፈታና አንጓው ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት አየ። «አጥብቄብህ ነበር እንዴ?» አለው። እስረኛው ዝም አለ። ሲመለሱ ላላ አድርጎ አሰረው፤ ጣቱን በብረቱና በእጁ መሃል አስገብቶ ለካው። ማንም አላዘዘውም። ከዚያ በኋላ ያንን ልጅ ባየሁት ቁጥር ቆሜ ሰላም እለው ነበር። አንቺም እንደሱ እንድትሆኚልኝ ነው የምፈልገው።

ካለፍሽ ሥልጠናው ጆርጂያ፣ ግሊንኮ ነው። ቀኑ ሲታወቅ ቶሎ አሳውቂን፤ እናትሽ በሶ ፈጭታ ጨርሳለች፣ የሚመጣ ሰው እየፈለግን ነው።

አባትሽ