ስለ አሮጌዎቹ የነዳጅ ጉድጓዶችም ጻፉልን

ሰላም አዘጋጅ፣ ካርቦንዳይኦክሳይድን ነዳጅ በወጣበት መሬት ውስጥ ስለመቅበር ያወጣችሁትን ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን ዋናው ነገር ቀርቷል። ከላይ ያለው ድፍን አለትማ ነዳጁን ስንት ሚሊዮን አመት ይዞ ኖሯል፣ ችግሩ ሰው የበሳው ነው። የነዳጅ ቦታ እኮ በድሮ ጉድጓዶች የተበሳሳ መሬት ነው፤ ጋዙ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆንና የተደፈነበትን ሲሚንቶም የብረት ቱቦውንም ቀስ እያለ ይበላዋል፣ በሁለቱ መሀል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ደግሞ በሷ ሽቅብ ይወጣል። ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተኝቶ ሰው ያፍናል፣ እኛ ጋ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የሚያጸዳ ሰው መጀመሪያ ኩራዝ በገመድ አውርዶ ከጠፋ የማይገባው ለዚሁ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ በተፈጥሮ የፈነዳው ይኸው ጋዝ ወደ 1,700 ሰው ጨርሷል። ከነዳጅ ጉድጓድ እንደዛ ባንዴ ይወጣል እያልኩ አይደለም፣ እኔን የሚያሰጋኝ በዝግታ የሚያፈተልከው ነው። ካናዳ ዌይበርን የሚባል የነዳጅ ቦታ ላይ ከ2000 እ.ኤ.አ ጀምሮ ጋዙን ሲቀብሩ ተመራማሪዎች አመታት ሙሉ ተከታትለውታል፣ ገንዘብ ስላለ። ኩባንያው ዘግቶ ከሄደ በኋላስ ማን ነው የሚለካው፣ ቢያፈስስ በማን ወጪ ነው የሚደፈነው? እሱን ጠይቃችሁ ጻፉልን በናታችሁ።