የመመረቂያ ጽሑፉን ውሳኔ ለተማሪው እንመልስለት
ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ከፍተኛ ትምህርትን ለምትመሩ ኃላፊዎች፤

ተማሪዎችን በመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ብዙ ተማሪ ጽሑፉን ራሱ ጽፎ ይመረቃል፤ ውሳኔዎቹን የወሰንነው ግን እኛ ነን።

ርዕስ ይዞ ሲመጣ "ሰፊ ነው" እንለዋለን። ከዚያ ራሳችን አጥብበን እንሰጠዋለን። መጠይቁን እናስተካክልለታለን፤ ድራፍቱን በኮመንት ሞልተን እንመልስለታለን። እሱም አንድ በአንድ አርሞ ያመጣል። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲያቀርብ፣ "ናሙናውን ለምን በዚህ መንገድ መረጥክ?" ሲባል መልሱ "አማካሪዬ እንዲህ አድርግ ስላሉኝ" ይሆናል። ልጁ አልዋሸም።

"ራስህን ቻል" ብሎ ለወራት የሚጠፋ አማካሪም አለ። ይሄም ያው ነው፤ ተማሪውን ብቻውን ከመተው በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።

የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ሄንሪ ሆሌክ ለአውሮፓ ምክር ቤት ባዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው ጽሑፍ፣ የራስን ትምህርት የመምራት ችሎታ አብሮን የሚወለድ ሳይሆን የምናዳብረው መሆኑን አስረድቷል። ከዚያ በፊት በ1976 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ ትንንሽ ልጆች በእንጨት ቁርጥራጮች ፒራሚድ ሲሠሩ እንዴት እንደሚታገዙ አጥንተው ነበር። እንደ እነሱ ገለጻ፣ ረዳቱ የሚይዘው ከልጁ አቅም በላይ የሆነውን ብቻ ነው፤ ሌላው ለልጁ ይተዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍም የሚያስፈልገን ይሄው ነው። ፕሮፖዛል ላይ አብረን እንቀመጥ። ትንተናው ላይ ሲደርስ ግን ጠያቂ ብቻ እንሁን።

ይህ በአማካሪው በጎ ፈቃድ ብቻ አይሆንም። በብዙ ቦታ ውጤት የሚሰጠው ለተጠናቀቀው ጽሑፍና ለዲፌንሱ ነው። መንገዱን የሚያይለት የለም። ቻትጂፒቲ አሳማኝ ምዕራፍ በደቂቃዎች በሚጽፍበት ዘመን ደግሞ የተጠረዘው ጽሑፍ ብቻውን ስለ ተማሪው የሚነግረን እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ ከውጤቱ የተወሰነው ለሂደቱ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ተማሪው የውሳኔ ማስታወሻ ይያዝ፦ ምን አማራጮች ነበሩት? የቱን መረጠ? ለምን? ከአማካሪው ጋር ሲገናኝ አጀንዳውን እሱ ያምጣ። "ምን ላድርግ?" ከማለት ይልቅ "ሁለት መንገድ አይቻለሁ፤ ወደዚህኛው አዘንብያለሁ፤ ምን ይታይዎታል?" ብሎ ይጀምር። መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ ይሳሳታልም። ስህተቱ ገና ፕሮፖዛል ላይ እያለ ቢመጣ ለማረም ጊዜ አለው።

የማማከር ሰዓትም እንደ ክፍል ትምህርት በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ በአግባቡ ይቆጠር። ብዙ ተማሪ የተሸከመ አማካሪ ጠይቆ መልስ ከመጠበቅ ራሱ አርሞ መስጠት ይቀለዋል። እንደሱ ሲያደርግ አልፈርድበትም።

ሁሉንም በአንዴ መቀየር ከከበደ፣ በውሳኔ ማስታወሻው ጀምሩ። ከዲፌንሱ በፊት ለፈታኞቹ ይድረስ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም ከዚያ ይነሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ