የጅማ ልጆች፣ አንድ ኮምፒውተር እንግዛ

ከተማው ውስጥ ያላችሁም፣ ወጥታችሁ የቀራችሁም፣ ዛሬ ኪሳችሁን ልንነካ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ላፕቶፓችን የደም ፍሰት ሲያሰላ አመሸ። በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ አራት የሃይላንድ ክዳን አድርገንለታል። እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። እንደገና ከዜሮ!

ሥራችን ስለ ጉበት ካንሰር ነው። ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከአንጀት በኩል በሚገባ ደም መልስ ይመጣል። ዕጢው ግን በአብዛኛው ከደም ቅዳው ነው የሚመገበው። ሐኪሞች በዚህ ልዩነት ይጠቀማሉ። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ጉበት ደም ቅዳ ያደርሱና ዕጢውን በጨረር የሚያጠቃ ኢትሪየም 90 የሚባል ንጥረ ነገር የተሸከሙ ደቃቅ እንክብሎችን ይለቃሉ። ስፋታቸው ከ20 እስከ 60 ማይክሮሜትር ነው። ጨረሩ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢጓዝ ነው። በየ64 ሰዓቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል።

ጭንቁ፣ እንክብሉ የት ይገባል? ቦይ ለሁለት ከሚከፈልበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቅጠል ጣሉ። ግራ ዳር የጣላችሁት የግራውን ቦይ ይይዛል። ወደ ቀኝ ጠጋ ካላችሁ ሌላ ማሳ ይገባል። የካቴተሩም ጫፍ እንደዚያው ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ እንክብሉ ወደ ጤነኛው ክፍል ሊሄድ ይችላል። መንገድ ስቶ ጨጓራ ከደረሰ ደግሞ ያቆስላል።

እኛ ከሲቲ ስካን ምስል የደም ሥሩን ቅርጽ እናወጣለን። ከዚያ ኦፕንፎም በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ደሙን አስፈስሰን እንክብሎቹን እንከተላለን። ምስሎቹ የታካሚ ስም የሌለባቸው፣ ለምርምር በነጻ የተለቀቁ ናቸው። ሕክምናው ነገ ጅማ ይጀመራል ብለን አንዋሽም። ስሌቱን የሚችል ልጅ ግን ዛሬም እዚህ ማፍራት ይቻላል።

የሚያስፈልገን 64 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ዴስክቶፕና መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። ከ100 ብር ጀምሮ እንቀበላለን። የእድር መዋጮአችሁን ግን አትንኩ፣ እሱ ይቅደም። ሒሳቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን። የተገዛበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። ማሽኑ የማንም የግል አይሆንም፤ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ ተራ ይዞ ይጠቀምበታል።

የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ያገለገለ ዩፒኤስ ካላችሁም እንወስዳለን። ባትሪው ይሥራ እንጂ።