የኅዳር ቅጠል ለችግኙ ይተውለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ጋዜጣችሁ ስለ ችግኝ ተከላ በስፋት ይጽፋል፤ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ግን ወሬውም አብሮ ያባራል። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተጀመረ ወዲህ በጎንደር መኖሪያ ግቢዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በየመንገዱ ዳር ችግኝ መትከል እየተለመደ መምጣቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ የተተከለው መጽደቁ ወይም መድረቁ በአብዛኛው የሚወሰነው በጥቅምትና በኅዳር በሚደረግለት እንክብካቤ በመሆኑ፣ ስለ እነዚህ ሁለት ወራት ጥቂት ለማለት ወደድሁ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ዝናቧ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጠቃሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ይሆናል። በተለይ ወደ አዘዞ ባሉት ዋልካ አፈር በሚበዛባቸው ሰፈሮች የሚሆነውን ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የአፈሩ ላይ ይነጣል፣ ቀጥሎ በችግኙ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፣ ብዙም ሳይቆይ ያ ስንጥቅ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይሰፋል። በስንጥቁ ውስጥ ቀጫጭኑ ሥር ይበጠሳል፤ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመው እርጥበትም ከታች እየተነነ ያልቃል።

መድኃኒቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አፈሩ ገና ሳይጠነክር በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አርሞ፣ ሥሩን ሳይነኩ ላዩን ብቻ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር መኮትኮት፣ ከዚያም ደረቅ ሣርና ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ማልበስ ይበቃል። ግንዱ እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይጠጋው ግን ልባሱ አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ መጀመር አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስና ዘይቱ የዘር ብቅለትን ስለሚያውክ በጓሮ አትክልት መደብ ላይ ባይነሰነስ ይመረጣል።

እንግዲህ ይህ ልባስ የሚሆነው ቅጠልና ሣር ነው፣ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ተከምሮ እሳት የሚለኮስበት። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የሚነገር በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም፤ እኔም ኅዳር አይታጠን የሚል ሐሳብ የለኝም። የምለው፣ በአንድ ክምር ላይ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማና የኮክ ቅጠል አብሮ የሚነድበት ምክንያት አይታየኝም ነው። ቅጠል ሲቃጠል በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚተርፈው አመድ ፖታሽ ቢኖረውም አፈሩን የሚያለሰልስ ነገር የለውም። የፕላስቲኩ ጭስ ደግሞ ለሕፃናትና ለአስም ሕመምተኞች ጤና ጠንቅ ነው። እሳት ካስፈለገ ዋግ የመታውን የቲማቲምና የድንች አገዳ ማቃጠሉ ተገቢ ነው፤ በሽታው ወደሚቀጥለው ዘር እንዳይሻገር ያግዛልና። የቀረውን ቅጠል በግቢው ጥግ ሦስት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ ሣር ወይም እበት እያፈራረቁ ከምሮ ውኃ ረጨት ማድረግና አልፎ አልፎ ማገላበጥ ለሚቀጥለው ክረምት ተከላ የሚሆን ብስባሽ ያስገኛል።

በዚህ ክምር ውስጥ ዘር የያዘ አረም መግባት የለበትም። ከሁሉም የሚከፋው ቅንጬ አረም ነው፤ አንዱ ተክል በሺሕ የሚቆጠር ዘር ስለሚያፈራ ነጩ አበባው ሳይታይ ከነሥሩ መነቀል ይኖርበታል፤ ቆዳ ስለሚያሳክክም የሚነቅለው ሰው እጁን በጓንት ወይም በላስቲክ ይሸፍን። አስተናግር በግቢ ውስጥ ካለም ዘሩ መርዛም በመሆኑ ልጆች ሳያገኙት ይወገድ።

ውኃውስ? ለከተማችን የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መምጣቱ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነው፤ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለችግኝ በጎማ ውኃ ይልቀቅ ማለት ያስተዛዝባል። ጎመንና ድንች የታጠበበት ውኃ፣ በረኪና እስካልገባበት ድረስ፣ ለዛፍ ችግኝ በቂ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ታችኛው ክፍሉ በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ ተበስቶ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከችግኙ አጠገብ እስከ አንገቱ ቢቀበር፣ ውኃው ላይ ላዩን ሳይተን ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይደርሳል። ዋልካ አፈር ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ከታች ጥቂት ጠጠር ማድረግ ይጠቅማል። ችግኙ ውኃ የሚጠጣው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቢሆን ብክነቱ ይቀንሳል።

ጓሮ ላላቸው ደግሞ ጥቅምት ለነጭ ሽንኩርት፣ ለቆስጣ፣ ለካሮትና ለሰላጣ ምቹ ወር ነው፤ ውርጭ በሚያገኘው ዝቅ ያለ ቦታ መደቡን ማታ ማታ በሣር መሸፈን ግን ግድ ይላል።

ጎንደር የድንጋይ ግንብ ከተማ ናትና አንድ ነገር ልጨምር። ወፍ ያራገፈችው የዋርካ ዘር በአጥርና በቤት ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ክረምት ላይ ይበቅላል፤ መጸው ላይ ሲታይ ከእርሳስ ያልበለጠች ለጋ ቡቃያ ስለሆነች የሚያስባት የለም። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ድንጋዩን አቅፈው የያዙት ሥሮች ለጎብኚ ውብ ናቸው፤ በመኖሪያ ቤት ግንብ ላይ ግን እንዲህ ያለውን ሥር የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ኖራው ወይም ጭቃው እርጥብ ሳለ በእጅ መንቀሉ ይቀላል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ከኅዳር 12 አስቀድሞ በሚወጣ እትም ይህን ጉዳይ እንዲያነሣ ነው። ትምህርት ቤቶችና ዕድሮችም ፕላስቲኩን ለይተው ለቆሻሻ ማንሻ መኪና እንዲያስረክቡ፣ ቅጠሉን ደግሞ በክረምት ራሳቸው ወደተከሏቸው ችግኞች እንዲወስዱ ቢነገራቸው፣ የዘንድሮው ተከላ ምን ያህሉ እንደጸደቀ በግንቦት ወር ተቆጥሮ በጋዜጣችሁ ሊወጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጎንደር ነዋሪ